ውስጥ የሌለው ዓሣ

ምዕራብ ጎጃም ወንዝ አላነሰውም። ላህ ፍኖተ ሰላምን ታክኮ ይወርዳል፤ ብርም ፈጣምም ቆላውን አቋርጠው ዓባይ ይገባሉ። የአገሬው ማዕድ ግን የዓሣ ማዕድ አይደለም። ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባለው አገር ዓሣ ወጥ ሳይቀምስ ያረጀ ሰው ማግኘት አይቸግርም። ይኸው ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ቤቱ እንግዳ የሚጠብቅበት ወይም ማኅበር የሚያወጣበት ቀን ከሆነ፣ ዓሣ ይቀርብለታል። ጅራት አለው፣ ክንፍ አለው፣ ጀርባው ላይ ቅርፊቱ በቢላዋ ጫፍ ተጭሮለታል። በጥቁር አዝሙድ ፍሬ ዐይን የተከለችለት ሴትም አይቻለሁ። የሽምብራ ዓሣ ይባላል፤ ከሽምብራ ዱቄት በቀር ሌላ ሥጋ የለውም።

ለምን ዓሣ ሆነ? ሊጡ ድቡልቡል ቢሆን፣ ቢጠፈጠፍ፣ በአራት ማዕዘን ቢቆረጥ ጣዕሙ ያው ነው። ዘይቱም በርበሬውም ለቅርፅ ደንታ የላቸውም። ቅርፁ ሆድ አይሞላም፤ ዐይንንም አያታልልም፤ በጾም ቀን ከቀረበለት ወጥ ውስጥ ጅራት ብቅ ሲል የደነገጠ ክርስቲያን የለም። ታዲያ ያቺ ሴት ያን ሁሉ ሰዓት ለማን ብላ ትቀርፃለች?

ከድካሙ ልጀምር። ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዋልካ አፈር የያዘውን እርጥበት ተማምኖ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ባያይም ያፈራል። የሽምብራው አገር በተለይ ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የእነማይና የሸበል በረንታ ዋልካ። ቡሬና ወምበርማ የሚታወቁት በበቆሏቸውና በበርበሯቸው ነው። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ የተጣደ አንድ ድስት ሁለቱን ጎጃሞች ያገናኛል። ዘመኑም ይገጥማል። ሽምብራው ከማሳ የሚነሣው በጥርና በየካቲት ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባም። አዲሱ እህልና ረጅሙ ጾም፣ ሃምሳ አምስቱ ቀን፣ ቤት የሚገቡት ተከታትለው ነው።

እህሉ ይለቀማል፤ በምጣድ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል፤ ይከካል፤ ገለፈቱ በሰፌድ ይበጠራል፤ ክኩ ይፈጫል። ዱቄቱ በጨው፣ በቅመም፣ በዘይትና በጥቂት ውኃ ይታሻል። ሙያው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘውና የሚያለጥጠው ግሉተን በሽምብራ ውስጥ የለም። ውኃ ከበዛበት ቅርፅ አይይዝም፤ ካነሰው ጅራቱ ላይ ይሰነጠቃል። ተቀርፆ በዘይት ሲጠበስ ውጭው ይጠነክራል። ወዲያ ማዶ ቀይ ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ እየተቁላላ ነው፤ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። ዓሣው መጨረሻ ላይ ይገባል። ቀድሞ ከገባ፣ ወይም ማማሰያው ከበረታበት ይፈርሳል፤ ወጡም ሽሮ ይሆናል። ጥሩ ሽሮ ነው፤ የሚጥለው የለም። ዓሣው ግን ጠፍቷል።

ፈላስፎች ቁስና ቅርፅ እያሉ ለሁለት ሺህ ዓመት የተከራከሩበትን ነገር እዚህ ድስት ውስጥ ማየት ይቻላል። በሽሮና በሽምብራ ዓሣ መካከል የቁስ ልዩነት የለም ማለት ይቀላል፤ እህሉ አንድ፣ በርበሬው አንድ፣ እሳቱ አንድ። የሚለያያቸው ጣት ያኖረው ቅርፅና ያንን ቅርፅ እስከ ማዕድ ጠብቆ ያደረሰ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ሽሮ የዘወትር ነው። ዓሣው ግን ለሰው ተብሎ የተሠራ መሆኑን ራሱ ይናገራል።

ይህ ዓሣ ከሌላው የሊጥ ምግብ የሚለይበትም ነገር አለ። በሊጥ ጠቅልሎ መብላት የዓለም ሁሉ ልማድ ነው። ቻይናዎች ጂያኦዚ፣ ኔፓሎች ሞሞ፣ ጣሊያኖች ራቪዮሊ አላቸው። በየመናኸሪያው አጠገብ ባሉ ሻይ ቤቶች ጠዋት ጠዋት የሚጠበሰው ምስር ሳምቡሳም ከዚሁ ዘር ነው፤ በጾም ቀን የተሳፋሪ ቁርስ እሱ ነው። እነዚህ ሁሉ ውጭና ውስጥ አላቸው። በላተኛው ውስጡን ሳያይ ይነክሳል። ሻጯ «ምስር ነው» ካለች ምስር ነው፤ በእሷ ቃል ነው የሚጾመው።

ይህ መተማመን ሲፈርስ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ የጀርመን ተረት አለ። በደቡብ ጀርመን፣ ሽቫበን በሚባለው አገር፣ ማውልታሸ የሚሉት በሊጥ የተሸፈነ ምግብ አላቸው። የማውልብሮን ገዳም መነኮሳት በጾም ወራት ሥጋ አገኙ ይላል ተረቱ። መጣሉ አሳዘናቸው። ከቅጠላ ቅጠል ጋር ከትፈው፣ ከላይ ያለው አምላክ እንዳያየው በሊጥ ሸፍነው በሉት። አገሬው እስከ ዛሬ ምግቡን እግዜርን አታላይ ብሎ በቀልድ ይጠራዋል። ተረት ነው፤ መነኮሳቱን በሱ አልከስም። ግን ሰው በጾም ፊት የሚያስበውን አንድ መንገድ ጥርት አድርጎ ያሳያል፦ የተከለከለው ውስጥ ይግባ፣ የተፈቀደው ውጭ ይሁን።

የእኛ ድስት ይህን ገልብጦታል። የተከለከለው ሜዳ ላይ ወጥቷል፤ ክንፉ፣ ቅርፊቱ፣ ጅራቱ ሳይቀር። የተፈቀደው ደግሞ እላይም እታችም፣ ዳርም መሐልም እሱው ነው። የሽምብራ ዓሣ ውስጥ የለውም። ብትቆርሰው ያው ሽምብራ ነው። የሚደበቅበት ቦታ ስለሌለው የሚደብቀው ነገር የለም። ከሳምቡሳው በላይ እንኳ ግልጽ ነው፤ ሳምቡሳው ቢያንስ የሻጯን ቃል ይፈልጋል።

በዘመናችን ሥጋ አልባ ሥጋ የሚሠሩ ኩባንያዎች ተነሥተዋል። ኢምፖሲብል ፉድስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው በርገር፣ ሥጋን ሥጋ የሚያስብለውን ሂም የተባለ ንጥረ ነገር በእርሾ አማካይነት አስመርቶ ይጨምርበታል። ሲጠበስ ደም ይመስላል፣ ሲነከስም ሥጋ ሥጋ ይላል። የዚያ ሥራ ግቡ በላተኛው ልዩነቱን እንዳያውቅ ማድረግ ነው፤ አላወቀም ከተባለ ተሳካ። ለከብት ርኅራኄ ወይም ለአየር ንብረት ብለው የሚሠሩትን አላቃልልም፤ ምክንያታቸው የከበረ ነው። መንገዱ ግን ከሽምብራው ዓሣ ጋር አይገናኝም። የሽምብራ ዓሣ ዓሣ ዓሣ ቢል ኖሮ ማን ይበላው ነበር? የመጀመሪያዋ ጎራሽ ድስቱን ይዛ ወደ ደጅ ትወጣ ነበር። የእኛው ዓሣ የሚሳካው ዓሣ መሆን ሲያቅተው ነው።

ይህን ያነበበ የቅኔ ሰው፣ ጎጃም ነውና አይጠፋም፣ «ሰምና ወርቅ ነዋ!» ሳይለኝ አይቀርም። አይመስለኝም። በቅኔ ወርቁ ተሰውሮ ይቆያል፤ ሰሚው እስኪፈታው ድረስ ይደክማል፤ ፍቺው ሲገኝ ደስታው የዚያ ድካም ዋጋ ነው። እዚህ ግን የሚፈታ ነገር የለም። ጠፍጥፋ ቀርፃ ያቀረበችውም፣ ቆርሶ የሚበላውም፣ ከበር የቆመው የቆሎ ተማሪም እኩል ያውቃሉ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ምሥጢር አይባልም።

እና ዓሣ ለምን? አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሽምብራ ዶሮ የለም። የሽምብራ ቅልጥም፣ የሽምብራ ጉበት የለም። ቅርፁ የጾሙን ድካም ለማቃለልና አምሮትን ለማስታገስ ተብሎ የተነሣ ቢሆን ኖሮ፣ የጎጃም ሴት የመጀመሪያ ሥራዋ የዶሮ ብልት መቅረፅ በሆነ ነበር። ዐሥራ ሁለቱን ብልት አሳምራ ታውቃለች፤ ለፋሲካ ስንት ጊዜ አወራርዳለች። በሃምሳ አምስት ቀን ውስጥ ሰው የሚናፍቀው ዶሮ፣ ቅቤና አይብ ነው። ዓሣ የሚናፍቅ የለም፤ ያልቀመሱትን አይናፍቁም። እሷ ግን በማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱም ያልናፈቀውን እንስሳ መርጣ ቀረፀች። ቅርፁ የአምሮት ልጅ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። አምሮትን የሚያባብል ምግብ የሚመስለው ያማረውን ነገር ነው።

ዓሣ በጾም ድንበር ላይ የተቀመጠ ፍጥረት መሆኑም ሳይረዳ አልቀረም። እኅት የሆነችው የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾምና በረቡዕ ዓርብ ዓሣ ትከለክላለች፤ በጾመ ነቢያት፣ በጾመ ሐዋርያትና በፍልሰታ ግን ትፈቅዳለች። በእኛ ዘንድ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በከተማ ሆቴሎች ደጃፍ አልበረደም፤ የገጠሩ ሰው ግን ከነጥያቄው ትቶታል። ሌላም አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ርኩስ ይለዋል፤ አምባዛ የማይበላ ክርስቲያን የሚጠቅሰው ይህን ነው። የሽምብራው ዓሣ ክንፍም ቅርፊትም ስላለው የኦሪቱን ፈተና አልፏል። በጾሙ በኩል ሽምብራ፣ በኦሪቱ በኩል ንጹሕ ዓሣ፤ ከዚህ በላይ ሕግ አክባሪ ፍጥረት ከየት ይመጣል? ይህን ለቀልድ ነው የምለው። ግን ከወንጌል የሰማነውን ስናስብ፣ ከሐዋርያቱ አንዳንዶቹ ዓሣ አጥማጆች የነበሩበትን፣ ሕዝቡ ከእንጀራው ጋር ዓሣ የጠገበበትን፣ ጌታም ከትንሣኤው በኋላ የተጠበሰ ዓሣ የበላበትን፣ ዐይቶት ለማያውቅ ሰው ዓሣ በቅድሚያ የታሪክ እንስሳ ነው። ሴቲቱ የቀረፀችው ከወንዝ ያወጣችውን ሳይሆን ከቅዳሴ የሰማችውን ይመስለኛል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን በዚህ ምግብ ላይ ያላቸው ቅሬታ ቀላል አይደለም። ጾም ሳህን መለወጥ አይደለም ይላሉ። ፍትሐ ነገሥት ጾምን በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጹ ሰዓትንም የምግብ ዓይነትንም ያነሣል፤ ዓላማው ግን የሥጋን ጉልበት ማድከም፣ ለምጽዋትም እጅን መፍታት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተርቦ በዘጠኝ ሰዓት ድግስ የሚቀመጥ ሰው ምን አተረፈ? አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ተማሪ የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ ነው፤ ከቀናውም ቆሎ። ጾመኛው እሱ ነው፣ እኛ ምግብ ቀያሪዎች ነን።

ክሱ ግማሽ እውነት ነው። ስለ ድግስ የተናገሩት እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች የሚደረደረውን የጾም ቡፌ ላየ ሰው ክርክር አያስፈልገውም። ስለ ቅርፁ ከሆነ ግን ቦታውን ስተዋል። ቅርፅ ከጥጋብ አይቆጠርም። ሽሮውን በሉት ዓሣውን፣ ለሆድ የሚገባው ሽምብራ ያው ነው። እሷ የጨመረችው ሥራን እንጂ ምቾትን አይደለም። ቅቤው ቀርቷል፣ እንቁላሉ ቀርቷል፣ ወተቱ ቀርቷል። ያልቀረው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ አልተከለከለም። እንግዳን ለማክበር የቀራት እሱ ብቻ ስለሆነ በእሱ አከበረች።

ይልቅ መምህራኑ ቢጠይቁ የምወደው ስለ ዘይቱ ነው። ድሮ ዘይት ማለት ኑግ ነበር። ኑግ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት የጎጃምን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው እሱ ነው። ቤት ውስጥ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በፍል ውኃ ዘይቱ ይንሳፈፍ ነበር፤ አንድ ጣሳ ዘይት የአንዲት ሴት ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የፓልም ዘይት ገባና ኑጉን ከየጓዳው አስወጣው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው ተብሎ ነበር የተበሠረው። የዘይት ዋጋ ግን በአገሪቱ ሁሉ ከዓመት ዓመት ሲያሻቅብ ኖሯል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ዓሣውን በዘይት ማጥለቅለቅ የማይችል ቤት በምጣድ ያበስለዋል። ደረቅ ይላል፣ ቀለሙም ይገረጣል፣ ቅርፁ ግን አለ። የኔ ምርጫ እንዲያውም የምጣዱ ነው፤ ወጡን የሚጠጣው እሱ ነው።

የጾም ወጥ ከሌላው ወጥ የሚለይበት፣ በምግብ መጻሕፍት ሲጻፍ ያላየሁት አንድ ነገር ቀርቷል። የጾም ወጥ ሳይቀመስ ነው የሚሠራው። ለዘጠኝ ሰዓት የሚደርስ ወጥ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ይጣዳል። የምትሠራው ሴት ራሷ ጾመኛ ናት፤ ጨው በምላሷ ብትነካ ጾሟን ገደፈች። ስለዚህ አፏን ዘግታ ታበስላለች። የበርበሬው ጥሬነት መልቀቁን በሽታው ታውቃለች። የቁሌቱን መድረስ ዘይቱ ከላይ ሲወጣ በዐይኗ ታያለች። የዓሣውን መጠንከር ማማሰያው ሲነካው በሚያሰማው ድምፅ ትለየዋለች። ጨውን ግን ዐይንም አፍንጫም ጆሮም አይደርሱበትም። ዕውቀት ሁሉ ከቅምሻ ይጀምራል የሚል ፈላስፋ በመጋቢት አንድ ቀን ጎጃም ጓዳ ገብቶ ቢያይ ደግ ነበር። እዚያ ምላስ ሥራ ፈቷል፤ ወጡ ግን ይሠራል።

ለጨው የተገኘው መላ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም። ቡሬ ያለች አክስቴ ቤት የማውቀው ትእይንት ነው።

«ና ማሙሽ፣ ቅመስልኝማ።»

«ጥሟል።»

«ጨውስ?»

«ጥሟል አልኩ እኮ፣ እቴቴ። አንድ ጊዜ ልድገም?»

የዚህ ዳኛ ፍርድ በጉቦ የተበላሸ ነው፤ መድገም ስለሚፈልግ ሁሉም ይጥመዋል። ግን ቤቱ ሙሉ፣ ቄሱም እንግዳውም አባወራውም፣ የሚበሉት በእሱ ምላስ ነው። ሕግ ያላሰረው ትንሹ ሰው ሕግ ላሰራቸው ትልልቆች ይቀምሳል። ሰባት ዓመት የሞላው ዕለት ሹመቱ ይነሣል፤ ይጾማል፣ ተራው ለታናሹ ይተላለፋል። ትንሽ ልጅ የሌለበት ቤት የጎረቤት ልጅ ይዋሳል። እሱም ከጠፋ በእጅ ልክ ይጨመራል፤ ያኔ የሴቲቱ እጅ ስንት ዓመት ጨው ሲለካ እንደኖረ ይታወቃል።

ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ይጾማሉ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ቀን አንድ ሰው በየቤቱ እየተራበ፣ ጢስ እየገባበት፣ የሚሸተውን ሳይቀምስ ለሌላው ያበስላል። ጾምን ከሁሉ አብልጦ የሚጾመው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻ ስንፈልገው ኖረናል። መነኩሴው ከምግብ ይሸሻል፤ ቆላ ይወርዳል፣ ዋሻ ይገባል። እሷ መሸሻ የላትም። ከድስቱ አጠገብ ቆማ፣ ከእጇ መዳፍ ውስጥ ዓሣ እያወጣች፣ ዐይን እየተከለችለት ትጾማለች። አባወራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅጥር ግቢው ጥላ ሥር አረፍ ብሎ፣ ዳዊቱን ደግሞ ሊቆይ ይችላል። ልማዱም እንዲህ ሆኖ ቀርቷል፦ እጅ የሚታጠበው በቄሱ ይጀምራል፣ ወደ እንግዳው ይሄዳል፣ ወደ አባወራው ይዞራል፤ ጠባሿ ድስቱን ጠርጋ መጨረሻ ትቀመጣለች። ጅራቱ የተሰበረው ዓሣ የእሷ ድርሻ ነው።

ይህን ልማድ ያጸና ቀኖና የለም፤ ለመለወጥም ጉባኤ አያስፈልገውም። እናንተም ቤት የሽምብራ ዓሣ የሚሠራበት ቀን ይመጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንና ጸሎቱ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለጠበሰችው አጉርሱ፤ ያልተሰበረውን ዓሣ ምረጡላት። ጨው አንሶት ከሆነም ያኔ ትነግራችኋለች።